አሥሩን ለቅዱስ ጊዮርጊስ ትቼ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ገብረ ሥላሴ፣
ደሴ።

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ጉልበትዎስ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የኅዳር ብርድ አልጠናብዎትም? ጋቢዎን ደርበው ነው የሚወጡት ወይስ እንደ ልማድዎ በኮት ብቻ? ይህን ሁሉ የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ዘንድሮ መልሱን ስለምፈልገው ነው።

እኔ ደግሞ እዚህ ጋ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስጽፍልዎ ኖሬያለሁ። ዛሬ አልጽፈውም። አይደንግጡ! ክፉ ወሬ የለኝም፤ እንዲያውም ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው ብዕር ያነሣሁት። በቅደም ተከተል ካልነገርኩዎት ግን አይገባዎትምና ይታገሡኝ። በስልክ እንዳልነግርዎት ደግሞ ጠባይዎን አውቀዋለሁ። ገና «እንዴት ነዎት?» ስልዎት «ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን፣ በይ አሻግሬን ላቅርብልሽ» ብለው ስልኩን ለወንድሜ ያስረክቡታል። ደብዳቤ እንደዚያ አይሆንልዎትም። እማዋይሽ የምትባል የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ እናቷን ልትጠይቅ ወደ ኮምቦልቻ ትመጣለች፤ የፊታችን ማክሰኞ ነው የምትነሣው፤ በእጅዎ ታስረክብልኛለች።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር። ሪቻርድሰን የሚባል ሰፈር ባለው የአዛውንቶች መጦሪያ እንደምሠራ ያውቃሉ። ያልነገርኩዎት ሥራው ምን እንደሆነ ነው። ማንሣት ነው አባባ። ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሻወር፣ ከሻወር መልሶ ወደ አልጋ። የዛሬ አምስት ዓመት አንድ ከበድ ያሉ ሰውዬ ሊወድቁ ሲሉ ልይዛቸው ብዬ ወገቤ ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወገቤ ተነሥቶ በግራ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚወርድ ሕመም አብሮኝ ይኖራል። ብቀመጥም ብቆምም አይለቀኝም። ለርስዎ «ትንሽ ወገቤን» ብዬዎት ነበር። ትንሽ!

ታዲያ ሐኪም ዘንድ በሄድኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ ሕመምሽ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው ይሉኛል። ግድግዳው ላይ የፊት ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ ዜሮው ይሥቃል፣ አሥሩ ያለቅሳል። ከአሥሩ ሥር «ሊታሰብ ከሚችለው ሁሉ የከፋ ሕመም» ይላል። እኔም ተቀምጬ አሰብኩ። ከሁሉ የከፋው ሕመም የማን ነው? የቅዱስ ጊዮርጊስ ነዋ! በመንኮራኩር የተፈጨ ሰማዕት እያለ እኔ ሰርካዲስ አሥር ልበል? ድፍረት ነው። አሥሩን ለሱ ተውኩለት። ዘጠኝን ሊናን ስወልድ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ነው ያማጥኩት። ስምንት የርስዎ ነው፤ የስፌት መኪናው መርፌ አውራ ጣትዎን ከነጥፍሩ በስቶት፣ በጨርቅ ጠቅልለው የሙሽራውን ሱፍ የጨረሱ ዕለት። ሰባትን ደግሞ ለክፉ ቀን አስቀመጥኩት፤ ሁሉንም ዛሬ ከጨረስኩ ሲብስብኝ ምን ልል ነው? በዚያ ላይ ሕመምን አጋኖ ማውራት ነውር ነው፤ ፈጣሪንም እንደማማረር ይመስለኝ ነበር። እንዲህ እየቀነስኩ፣ እየቀነስኩ ሄጄ «ሦስት» አልኩ። በአምስት ዓመት አሥራ አራት ጊዜ ሄጄ አሥራ አራቱንም ጊዜ ሦስት!

ይሣቁብኝ፣ ይሣቁብኝ። እኔም አሁን አሁን ነው መሣቅ የጀመርኩት።

በነሐሴ ግን አላሣቀኝም። መሥሪያ ቤታችን የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ቦታ ተገኘ። ተቀምጦ ስልክ መመለስ፣ ጠያቂ መመዝገብ ነው፤ ሰው ማንሣት የለም። «ከባድ ነገር ማንሣት የለባትም» የሚል የሐኪም ወረቀት ካመጣሽ ያንቺ ነው፣ እስከ ኅዳር እንጠብቅሻለን አሉኝ። ካላመጣሁ ወይ ማንሣቴን እቀጥላለሁ ወይ ሥራውን እተዋለሁ፤ ሌላ መንገድ የለም። የሚፈረመውን ቅጽ ይዤ ወደ ሐኪሜ ሄድኩ። ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም። መዝገቤን ኮምፒውተሩ ላይ ከላይ እስከ ታች አየና፣ ሕመምሽ እኮ በቁጥጥር ሥር ነው፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሦስት ነው የሚለው፣ ይህን ብፈርም ምን ብዬ ነው የማስረዳው አለኝ። እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው? «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ! መኪና ማቆሚያው ጋ ስደርስ ግራ እግሬ ወደ መኪናው አልገባም አለ። በሁለት እጄ እንደ ዕቃ አንሥቼ አስገባሁትና እዚያው አለቀስኩ።

የምትነዳው ሊና ነበረች። ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው የምናያት፤ ያን ቀን ግን ባለቤቴ ባስልዮስ ሥራ ስለነበረው እኔን ልታደርስ ቀርታ ነው። ስንት አልሽው ብላ ጠየቀችኝ። ሦስት አልኳት። የልጅ ልጅዎ አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ ስትናደድ ደግሞ ጭራሽ ይደበላለቅባታል። ማሚ፣ ፕሊስ፣ ዛሬ ካልሲሽን ማነው ያደረገልሽ፣ እኔ ነኝ፣ ሦስት የሆነ ሰው ካልሲውን ራሱ ያደርጋል ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው። ካልሲዬን ራሴ ካደረግኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ እሷ ካልሆነች ባስልዮስ ነው የሚያደርግልኝ።

ከዚያ ስልኬን ከእጄ ቀማችኝ። ለሕመም መመዝገቢያ የሚሆን አፕ አለ፣ እንዳንቺ ዓይነት የማይለቅ ሕመም ያለባቸው ብዙዎች ይጠቀሙበታል ብላ ጫነችልኝ። ጠዋትና ማታ ይጠይቀኛል፤ ዛሬ ስንት ነው፣ የቱ ጋ ነው፣ እንቅልፍ ወሰደሽ ወይ፣ መድኃኒት ወሰድሽ ወይ ይላል። ሊና ግን አላመነችኝም። ከቁጥሩ በፊት የምመልሳቸውን የራሷን ጥያቄዎች ጨመረችበት። ካልሲሽን ራስሽ አደረግሽ? ከሁለተኛ ፎቅ ስትወርጂ ስንቴ ቆም አልሽ? ድስቱን በአንድ እጅ አነሣሽው? በዚያ ላይ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሆኖ እርምጃዬን ራሱ ይቆጥራል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው! እኔ «ሁለት ነው፣ ተመስገን» ብዬ በሞላሁበት ቀን እሱ «ዛሬ የሄድሽው ዘጠኝ መቶ እርምጃ ነው» ብሎ ያጋልጠኛል። ጤነኛ ሰው እኮ ያን ያህል ከቤት ሳይወጣ ይሄዳል። ስልክ ይሉኝታ የለው፣ ምን አለበት!

መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሌላ እብደት ያዘኝ። ጠዋትና ማታ የተባልኩትን በየሰዓቱ እሞላ ጀመር። ወጥ እያማሰልኩ እሞላለሁ፣ ሥራ ቦታ ምሳ ላይ እሞላለሁ። ባስልዮስ፣ ድሮ ሲያምሽ የምትነግሪኝ ለኔ ነበር፣ አሁንስ ተሻርኩ እያለ ይቀልድብኛል። ሕመሙን ቀኑን ሙሉ ሳዳምጠው ዋልኩና እውነትም ባሰብኝ። ሊና ይህን ስትሰማ ተቆጣች፤ ከሁለት ጊዜ በላይ ከነካሽው አጠፋዋለሁ አለችኝ። ሁለት ጊዜ ብቻ ሞልቼ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ መክተት ስጀምር ነው ነገሩ ፈር የያዘው።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ ሌክ ሃይላንድስ ያለው አፓርታማችን ግቢ ውስጥ ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሆነን ልብስ እናጣጥፋለን። ሊና የሞላሁት ቁጥር የሠራውን የስድስት ሳምንት መስመር ስልኩ ላይ ከፍታ ታያለች። ድንገት፣ ማሚ፣ ረቡዕና ዓርብ ምንድን ነው የምትሠሪው አለችኝ። ምንም፣ እንደ ሌላው ቀን ነው አልኳት። አይደለም ብላ አሳየችኝ። መስመሩ ማክሰኞ ዝቅ ይላል፣ ረቡዕ ከሰዓት ሽቅብ ይወጣል፤ ሐሙስ ይወርዳል፣ ዓርብ እንደገና ይወጣል። ስድስቱንም ሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይስት! ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው ልጄ፣ ሌላ ምን አለ አልኩ። መድኃኒቱን መቼ ነው የምትወስጂው አለችኝ። ጠዋት ከምግብ ጋር፣ ማታ ከምግብ ጋር አልኩ። ሶ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልበላሽስ አለች።

አባባ፣ በእጄ የያዝኩት አንሶላ ወደቀ። አልወስደውማ! የጾም ቀን ጠዋት መድኃኒቱን አልፌው ነው የምውለው። አምስት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በሁዳዴማ ከሰኞ እስከ ዓርብ። ለሐኪሙ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም፤ ጾም መሆኑን በምን ያውቀዋል? ለኔም ከመልመዴ ብዛት የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። ሊና እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ አገኘነው፣ አገኘነው እያለች ስትዘል ጎረቤታችን ሴትዮ ምን ተገኘ ብላ ልብሷን ትታ መጣች።

ጥቅምት ላይ ሐኪሙ ዘንድ አብረን ሄድን። ስልኩን ስንዘረጋለት ፊቱ ደከመ። ብዙ በሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር ያመጣልኛል፣ የስድስት ሳምንት ነገር የማገላብጥበት ጊዜ ግን የለኝም አለ። ሊና አዘጋጅታው የመጣችውን አንድ ቅጠል ወረቀት አስቀመጠችለት። ከላይ አሥራ አራቱ ሦስቶች ናቸው። ከሥራቸው እርምጃዎቼ አሉ፣ ከዚያ ካልሲዬን ራሴ ያላደረግኩባቸው ቀኖች፣ ከታች ረቡዕና ዓርብ በቀይ። መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከዚያ ለምን ሦስት ትይኛለሽ አለኝ። ነገርኩት። አሥሩ የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ዘጠኙ የምጥ፣ ስምንቱ የአባቴ አውራ ጣት ብዬ ስዘረዝር ሊና እያፈረች አስተረጎመችልኝ። ሐኪሙ ሣቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሣቁን አቆመና፣ የሰማዕቱን ለሰማዕቱ ተዪለት፣ ያባትሽንም ለአባትሽ፣ እኔ የምፈልገው ያንቺን ነው አለኝ። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰባት አልኩ። ስለው እንባዬ መጣ። ሰባት ማለት ይህን ያህል ያሳርፋል?

ፈረመልኝ አባባ! ቅጹን እዚያው ፈረመልኝ! መድኃኒቱንም ማታ ከራት በኋላ አንዴ ብቻ በሚወሰድ ለወጠልኝ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ወገቤን የሚያፍታታ የሰውነት እንቅስቃሴ አዘዘልኝ። አልዳንኩም፤ ልዋሽዎት አልፈልግም፤ ሐኪሙም ጨርሶ ይለቅሻል አላለኝም። ነገር ግን ኅዳር ሦስት ቀን፣ ረቡዕ፣ በጾሙ ቀን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ካልሲዬን ራሴ አደረግኩ። ሁለቱንም! ባስልዮስን ጠርቼ እግሬን አሳየሁት። እሱም ጎንበስ ብሎ አየና፣ አንዱን ገልብጠሽ ነው ያደረግሽው ብሎኝ ሁለታችንም ሣቅን። ነገ ሰኞ ጠረጴዛው ላይ ሥራ እጀምራለሁ፤ ነገ ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ሁለቱንም ያለ ፍርሃት ነው የምቀበላቸው።

አንድ ነገር ብቻ ሲከነክነኝ ነበር። ሰባት ማለቴ ማማረር ሆኖብኝ እንደሆነ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም፣ ልጄ፣ ለሐኪም ማበል መቼ ነው ምስጋና የሆነው፣ አመስግኚ፣ ቁጥሩንም ንገሪ፣ ሁለቱ አይጣሉም አሉኝ። ይህን ቃላቸውን በተለይ ለርስዎ ነው ያስቀመጥኩት።

ምክንያቱም አባባ፣ አሻግሬ ነግሮኛል። እባክዎ እንዳይቆጡት፤ በስንት ልመና ነው ያወጣጣሁት። ከመስከረም ጀምሮ አልጋ ላይ መተኛት አቅቶዎት ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደሚያድሩ ነገረኝ። ዳሌዎ መርገጫውን አላስረግጥ ብሎዎት መኪናውን በጨርቅ ሸፍነው፣ ለደንበኞችዎ «ዓይኔ ደክሟል» እንደሚሉ ነገረኝ። ጥቅምት ላይ ሆስፒታል ወስዶዎት ሐኪሙ እንዴት ነዎት ሲልዎት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ እርጅና ነው» ብለውት የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ እንደሸኘዎት ነገረኝ። ስልኩን ይዤ መሣቅም ማልቀስም አማረኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያኔ ገባኝ!

የአጥንት ሐኪሙ የሚያይዎት ታኅሣሥ ስድስት ነው። አሻግሬ እንዳለኝ ያ ቀን ካለፈ ቀጣዩ ተራ ክረምት ነው። እዚያ ገብተው እንደገና «ደህና ነኝ» ካሉ ይመልሱዎታል፤ ሐኪም ያዘዘውን ሳይሆን ራስዎ ያዘዙትን ይዘው ይመለሳሉ። እስከ ክረምት ወንበር ላይ ሊያድሩ ነው? እስከ ክረምትስ መራመዱ ይቆያል? ይህ ነው እኔን ያስፈራኝ።

አንድ ደንበኛዎ ትዝ ይለኛል፤ ወገቤ ሰማንያ ነው፣ አትለካኝ፣ ዝም ብለህ ስፋ ያሉዎት ቦርጫም ሰውዬ። እርስዎ ሜትሩን ከአንገትዎ አውርደው፣ ጌታዬ፣ ሱሪው የሚሰፋው በአፍዎ ሳይሆን በሜትሩ ነው አሏቸው። ዘጠና አራት ሆኖ ተገኘ! እኔ ሕፃን ሆኜ መኪናው ሥር ቁራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ ነበር የሰማሁት። ታዲያ ለሰው ሁሉ ሜትር ይዘው፣ ለራስዎ በአፍ ነገር ሊሰፉ ነው?

ስልክና አፕ ውስጥ አልከትዎትም። የልክ ደብተርዎ አለ አይደል? ከኋላው ገልብጠው ባዶውን ገጽ ይክፈቱ። የሰው ትከሻና ቁመት እንደሚጽፉት ሁሉ ጠዋትና ማታ የራስዎን ልክ ይጻፉ። ተኝቼ ነው ያደርኩት ወይስ ተቀምጬ? ስንቴ ነቃሁ? ጫማዬን ራሴ አሰርኩ ወይስ ምራቴ እታለማሁ አሰረችልኝ? መድኃኔ ዓለም ደጃፍ እስክደርስ ስንት ቦታ አረፍኩ? ከዚህ ሁሉ በኋላ ከአሥር ስንት እንደሆነ ይጻፉ። ለሰማዕታት አይተዉ፣ ለክፉ ቀንም አያስቀምጡ። ከሁለት ጊዜ በላይም አይጻፉ፤ የኔን እብደት አይድገሙት። ታኅሣሥ ስድስት ደብተሩን ለሐኪሙ ይስጡና ዝም ይበሉ። እርስዎ ቢዋሹ ደብተሩ አይዋሽም።

ለወንድሜ ለአሻግሬ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ስለነገረኝ ባለውለታዬ ነው ይበሉት። ለእታለማሁ ሰላም ይበሉልኝ፤ በቀጠሮው ቀን እሷ አብራ እንድትገባ አደራ፣ እርስዎ ማስተባበል ሲጀምሩ ደብተሩን እሷ ትዘርጋው። ልጃቸውን ናኦሚን ሁለቱን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ የላከችውን ሥዕል ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። ባስልዮስ እጅ ይነሣል። ሊናም ሰላምታዋን ልካለች፤ አያቴ ስንት ናቸው ብላ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

እንግዲህ እኔ ዛሬ አራት ነኝ አባባ፤ የእውነት አራት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?

ልጅዎ ሰርካዲስ ገብረ ሥላሴ
ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.